ቢሲአር-ኤቢኤልን በእስክሪብቶ ማስረዳት

ሐዋሳ ውስጥ ለጤና ተማሪዎች ማጠናከሪያ አስተምራለሁ። ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባለው የተጣመረ ፕሮቲን ሴልን እንዴት እንደሚያሳብድ ድሮ በቀስት ነበር የማስረዳው። ሰሌዳው ይሞላል፣ የገባው ሰው ግን የለም። አሁን ፒያሳ ወጥቼ አራት ባለ ክዳን እስክሪብቶ፣ አራት የልብስ መቆንጠጫና ፕላስተር እገዛለሁ።

እስክሪብቶው ኤቢኤል ነው። ኤቢኤል ካይኔዝ ነው፤ ሥራው ኤቲፒ ከሚባለው የሴል ጉልበት ተሸካሚ ፎስፌት ወስዶ ሌላ ፕሮቲን ላይ መለጠፍ። ፎስፌቱን ቀለም በሉት። ጤነኛው ኤቢኤል ተከድኖ ይቀመጣል፣ ትእዛዝ ሲመጣ ይከፈታል። መቆንጠጫው ቢሲአር ነው፤ ጫፉ ከመሰሎቹ ጋር ይያያዛል።

ክሮሞሶም 9 እና 22 ተቆርጠው ቁራጭ ተለዋወጡ እንበል። ቢሲአርና ኤቢኤል የሚጣመሩት በዚህ ነው። አጥሮ የሚቀረው 22 የፊላደልፊያ ክሮሞሶም ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 የታወቀው እዚያ ከተማ ነው። ክዳኑን ጣሉ። መቆንጠጫውን ከእስክሪብቶው ጀርባ በፕላስተር እሰሩ። (እውነተኛው ቢሲአር የሚገባው በክዳኑ ቦታ ነው። እስክሪብቶ ላይ ግን እዚያ ከታሰረ አይጽፍም።)

እዚህ ጋ አትቸኩሉ። ተማሪ የሚይዘው "ክዳኑ ወለቀ" የሚለውን ብቻ ነው። የነገሩ ግማሽ ግን መቆንጠጫው ነው። አራቱን አያይዟቸው። ክዳን የሌላቸው እስክሪብቶዎች ተጠጋግተው አንዱ ሌላውን ይሞነጭራል። ካይኔዞቹም እንዲሁ ፎስፌት ሲለጣጠፉ ይበልጥ ይነቃሉ። መቆንጠጫው ላይ 177 (ቢሲአር ላይ ያለች የአንዲት ቦታ ቁጥር ናት) ብላችሁ ጻፉና እሷንም ቀለም አስነኳት። ያቺ ምልክት ወንበር ናት። ግራብ ቱ የሚባል ፕሮቲን ሶስ የሚባለውን ይዞ ይቀመጥባታል፣ ሶስ ደግሞ ራስ የሚባለውን ፕሮቲን ይቀሰቅሳል። (ክፍሉ ሁሌ የሚስቀው እዚህ ጋ ነው። ከማዕረጉ ጋር ዝምድና የለውም።) ከዚያ ወዲያ ያለውን ሰንሰለት ቶሎ እለፉት፤ መጨረሻው "ተከፋፈል" ነው፣ ያለማቋረጥ። ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር የሚነሳው እንዲህ ነው።

ለመድኃኒቱ የቀለሙን ቱቦ አውጡና ቦታው ላይ ወረቀት ወትፉ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 የጸደቀው ኢማቲኒብ ኤቢኤል ላይ ኤቲፒ የሚገባበትን ኪስ ነው የሚይዘው። ቲ315አይ የሚባለው የኤቢኤል ለውጥ (ሚውቴሽን) ሲመጣ ግን ኪሱ ለኢማቲኒብ አይሆንም።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ "ቲቸር፣ ክዳኑን መልሶ መክደን አይቻልም?" አለችኝ። አይቻልም አልኳት። ማታ ሳነብ አፈርኩ። አሲሚኒብ የሚባል መድኃኒት የክዳኑ ጫፍ ይገባበት የነበረውን ባዶ ጉድጓድ ይዞ ኤቢኤልን መልሶ ይዘጋዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ጸድቋል። በሳምንቱ ነገርኳት። አሁን አንዱን ክዳን አልጥልም፣ ኪሴ እከተዋለሁ።