የኤሌክትሪክ መኪና የፊት ሾክ አብዞርበር፦ ማለቁን ማወቅና መቀየር

ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ በየመንገዱ የምናያቸው ቢዋይዲዎችና የፎልክስዋገን አይዲ መኪኖች ብዙዎቹ ፊታቸው ላይ ሾኩና ሞላው አንድ ላይ የተገጠመበት እግር አላቸው። መኪኖቹ ከባድ ናቸው። አይዲ 4 ለምሳሌ 2 ሺህ ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። ኮብልስቶንና ፍጥነት መቀነሻ ላይ ያን ሁሉ ክብደት የሚያረጋጋው ይህ ሾክ ነው።

ከፊት «ኳ ኳ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ወዲያው ሾክ መግዛት ገንዘብ ያስጠፋል። የሞተር ድምፅ ስለሌለ የኤሌክትሪክ መኪና ውስጥ ትንሹም ድምፅ ጎልቶ ይሰማል። ትንንሽ ጉድጓድ ላይ የሚንኳኳው ብዙ ጊዜ የስታብላይዘር ሊንክ፣ ማለትም መኪናው ሲታጠፍ እንዳያጋድል የሚይዘውን ዘንግ ከሾኩ ጋር የሚያገናኘው አጭር ብረት ነው። መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ሊንኩን በእጅ ጨብጠው በኃይል ይወዝውዙት፤ ከተንቀጫቀጨ ወይም ላስቲኩ ተቀዶ ግሪሱ ከወጣ መቀየር ያለበት እሱ ነው። የታችኛው ክንድ ቦኮላ (የላስቲክ መገጣጠሚያው) እና ቦል ጆይንትም (ኳስ መሰሉ መገጣጠሚያ) ጎማው ከመሬት ተነስቶ በፌሮ እየተነቀነቁ ይታዩ።

መሪ ሲዞር የሚጮህ ከሆነ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሾኩ የላይኛው ኩሽኔታ ላይ ነው። አንድ ሰው መሪውን ቀስ ብሎ ሲያዞር ሌላው ሞላውን በጣቱ ይንካ። ኩሽኔታው ደህና ከሆነ ሞላው ከጎማው ጋር በእርጋታ ይዞራል፤ ከተያዘ ግን ተጠምዝዞ ይቆይና በድንገት ይዘላል።

ሾኩ ራሱ ሲያልቅ ምልክቱ ሌላ ነው። ገላው ላይ ስስ የዘይት ወዝና አቧራ ቢታይ ችግር የለውም፤ እስከ ታች ወርዶ የሚያርስ ዘይት ግን ማሸጊያው ማለቁን ይናገራል። መዳፍዎን በጎማው ዙሪያ ያሳልፉ፤ ከፍና ዝቅ እያለ የተበላ ጎማ ከመንገዱ እየነጠረ የሚሄድ ጎማ ነው። ኮፈኑን ተጭኖ መልቀቅ በከባድ መኪና ላይ ብዙም አይነግርም። መኪናው ፍሬን ሲያዝ አፍንጫውን መድፋቱን ለማየትም ቻርጅ የሚመልሰውን ብሬክ ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ያድርጉት፤ አለበለዚያ ፔዳሉን ሳይነኩ መኪናው በዝግታ ስለሚቆም ድክመቱ ይሸፈናል።

ዕቃ ሲገዛ የሻንሲ ቁጥሩን ይዞ መሄድ ግድ ነው። አንድ ሞዴል በባትሪው መጠን የተለያየ ሞላ ሊኖረው ይችላል፤ አንዳንዱ አይዲ 4 ደግሞ ሾኩ ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚሰካበት ነው። እንደ ሂዩንዳይ ኮና ነዳጅም ኤሌክትሪክም ላለው መኪና የነዳጁን ሾክ አትግጠሙበት፤ የተሠራው ለሌላ ክብደት ነው። ለፊት የሚያስፈልገው 2 ሾክ፣ 2 የላይኛው ማውንት (ሾኩን ከላይ ከመኪናው አካል ጋር የሚያይዘው) ከነኩሽኔታው፣ 2 ማቆሚያ ላስቲክ ከነአቧራ ኩፊያው፣ እንዲሁም አዲስ ቡሎንና ዳዶ ነው። ግራና ቀኙ አብረው ይቀየራሉ። ማቆሚያ ላስቲኩን ለመቆጠብ አሮጌውን መመለስ ትልቅ ስህተት ነው፤ እሱ ሲፈርስ ዘንጉ እስከ መጨረሻው እየገባ አዲሱን ሾክ ይገድለዋል።

መኪናውን ጠንካራና ሜዳ መሬት ላይ ያጥፉ፣ ቁልፉን ያርቁ፣ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ። የጎማውን ዳዶ ሳይነሳ ያላሉት። ክሪኩ ቢያንስ 3 ቶን የሚችል ይሁን፤ የሚያርፈውም አምራቹ ጠርዙ ላይ ባመለከተው ቦታ ብቻ ነው። በምንም ምክንያት የባትሪው ሳጥን ስር አይግባ። ከዚያ የብረት ማቆሚያ አድርጉበት። ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያልፍባቸው ብርቱካናማ ገመዶች ከታዩ አይነኩ፤ ይህ ሥራ አያስፈልጋቸውም።

ጎማው ሲወጣ የፍሬኑን ጎማ ቱቦና የኤቢኤስ ገመዱን ከሾኩ ላይ ያላቁ፣ ሊንኩን ይፍቱ። የታችኞቹ 2 ቡሎኖች የነበሩበትን ቦታ በቀለም ምልክት ያድርጉ። ቡሎኑ ጥርስ ካለው ዳዶውን ብቻ ያዙሩ። አይዲ ላይ ሾኩ በአንድ ቡሎን የሚጠብቅ ቀለበት ውስጥ ስለሚገባ ቀለበቱን በልዩ መክፈቻ ትንሽ ማስፋት ያስፈልጋል፤ በመዶሻ አይመታም። ጎማውን የሚሸከመው ብረት በፍሬን ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ እሰሩት። ፊቱ የሚነዳ ከሆነ ወደ ውጭ አትሳቡት፣ አክሱ ከመገጣጠሚያው ሊወጣ ይችላል። መጨረሻ ላይ አንድ ሰው ሾኩን ከታች ይዞ የላይኞቹ ዳዶዎች ይፈቱ።

መሃል ላይ ያለው ዳዶ ግን ሞላው ሳይታመቅ በፍጹም አይፈታ። የታፈነው ኃይል ሰው ይገድላል። ሁለቱን የሞላ መጭመቂያ በተቃራኒ ጎን አስገብተው፣ እያፈራረቁ ግማሽ ዙር ግማሽ ዙር በእጅ ቁልፍ ያጥብቁ፤ በአየር መፍቻ አይሁን፣ ፊትዎንም ከሞላው ጫፍ ትይዩ አያድርጉ። ሞላው ከመቀመጫው ሲላላ ብቻ ዳዶውን ይፍቱ።

አዲሱን ሾክ አቁመው 3 ወይም 4 ጊዜ እስከ ታች እየጫኑ ያስወጡት፤ ተኝቶ ሲቆይ የገባው አየር ይወጣል። ዘንጉን በፒንሳ የሚይዝ ሰው ሾኩን በገዛበት ቀን ያበላሸዋል፣ ጭረቱ ማሸጊያውን ይቆርጣል። በአሌን ቁልፍ ነው የሚያዘው። የሞላው ጫፍ ከታችኛው መቀመጫ ደረጃ ጋር መገጣጠሙን፣ ማውንቱም በአቅጣጫው መሆኑን ሳያዩ መጭመቂያውን አይልቀቁ።

ማጥበቂያው የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ (ቶርክ ቁልፍ) ይሁን። ልኩ ከመኪናው መመሪያ ይወሰድ፤ የመሃሉ ዳዶና የታችኞቹ ቡሎኖች በጣም የተለያየ ልክ አላቸው። የክንዱን ቦኮላ ቡሎን ፈትተው ከሆነ የሚጠብቀው ጎማው መሬት ረግጦ ሲቆም ነው፤ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ላስቲኩ ተጠምዝዞ ቶሎ ይቀደዳል።

ከዚያ በቀጥታ ወደ አላይመንት። ባለ 2 ቡሎኑ ዓይነት የጎማውን ጋድነት ትንሽም ቢሆን ስለሚለውጥ፣ አላይመንት ካልተሠራ አዲስ ጎማ በአንድ ጎኑ ይበላል። 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ የጎማውን ዳዶ እንደገና በቶርክ ቁልፍ ይፈትሹ። አሮጌው ሾክ ውስጥ የታመቀ ጋዝ ስላለ በእሳት አይቆረጥ፤ ለብረት ገዢው ሲሰጡም ይንገሩት።