ጄንቱ ሊኑክስን ሲጭኑ በስቴብልና በቴስቲንግ ምርጫ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጄንቱ ፕሮግራሞችን ከሶርስ ኮዳቸው በተጠቃሚው ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል አድርጎ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም ቀይሮ) የሚጭን የሊኑክስ ዲስትሪቢዩሽን ስለሆነ፣ «ስቴጅ 3» የተባለውን መነሻ ፋይል ፈትቶ ሥራ የሚጀምር ሰው ከስቴብል (ተፈትነው ከጸደቁ የፓኬጅ ማለትም ለጭነት የተዘጋጁ ፕሮግራሞች ስሪቶች) እና ከቴስቲንግ (ገና በፈተና ላይ ካሉ አዳዲስ ስሪቶች) የትኛውን እንደሚከተል ገና ከመነሻው መወሰን አለበት። ውሳኔው «ሜክ ዶት ኮንፍ» በተባለው የማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ የሚገባ አንድ መስመር ሲሆን፣ ከኤኤምዲ64 (የተለመዱት የ64 ቢት ፕሮሰሰሮች መለያ) ፊት የ«~» ምልክት ከተጻፈ ቴስቲንግ፣ ካልተጻፈ ደግሞ ስቴብል ይሆናል።

የመጀመሪያው ስህተት ቴስቲንግን ያላለቀ ፕሮግራም ማከማቻ አድርጎ መቁጠር ነው። በአብዛኛው የሚፈተነው ፕሮግራሙ ሳይሆን ጄንቱ ያዘጋጀለት ኢቢልድ፣ ማለትም ፕሮግራሙ እንዴት ተሠርቶ እንደሚጫን የሚናገረው የመመሪያ ፋይል ነው፤ አንድ ስሪት እንደ ልማዱ 30 ቀን ያህል ቆይቶ ከባድ ችግር ካልተገኘበት ወደ ስቴብል ይሸጋገራል። በእርግጥ የተበላሸው ወይም አደገኛው ፓኬጅ የሚታገደው ማስክ በተባለው የእገዳ ዝርዝር ነውና፣ አዘጋጆቹ ከማስኩ ጋር የጻፉትን ምክንያት ሳያነቡ እገዳውን ማንሳት አይገባም።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ሲስተሙን ስቴብል አድርጎ ኮምፓይለሩን ብቻ ከቴስቲንግ ማምጣት ነው። በ2024 (በፈረንጆች አቆጣጠር) የወጣው ጂሲሲ 14 የተባለው ኮምፓይለር ቀደም ሲል በማስጠንቀቂያ ብቻ ይታለፉ የነበሩ የሲ ኮድ ግድፈቶችን፣ ለምሳሌ ሳይታወጅ የተጠራ ፈንክሽንን፣ እንደ ስህተት ቆጥሮ ሥራውን ያቋርጣል። ይህ ኮምፓይለር ገና ቴስቲንግ ላይ ሳለ ማስተካከያው በብዙ ፓኬጆች ላይ ቀድሞ የገባው በአዲሶቹ የቴስቲንግ ስሪቶች ውስጥ ስለነበር፣ ኮምፓይለሩን ብቻ ያሳደገ ሰው ምንም ያልነካው ፓኬጅ «ኢምፕሊሲት ዲክላሬሽን ኦቭ ፈንክሽን» (ሳይታወጅ የተጠራ ፈንክሽን) በሚል መልእክት ሲወድቅበት ያይ ነበር። እንዲህ ያለውን ፓኬጅ ወደ ቴስቲንግ ሲያወጣው ጥገኛ የሆነባቸው ላይብረሪዎች ይከተላሉ፤ አንዱን ሲደፍን ሌላው እየተከፈተ፣ ሳይውል ሳያድር ስቴብልም ቴስቲንግም ያልሆነና ማንም ያልፈተነው ቅይጥ እጁ ላይ ይቀራል። ከዚህስ ሁሉንም ቴስቲንግ ማድረግ ይሻላል።

«እስቲ ልሞክረውና ካልሆነ እመለሳለሁ» የሚለው ሐሳብም ያሳስታል። ከስቴብል ወደ ቴስቲንግ መሄድ በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፤ ወደ ኋላ ሲሆን ግን በአዲሱ ጂሊብሲ (ፕሮግራሞች ሁሉ ማለት ይቻላል የሚደገፉበት መሠረታዊ የሲ ላይብረሪ) ላይ የተሠሩ ፕሮግራሞች በአሮጌው ላይ ላይነሱ ስለሚችሉ፣ የጂሊብሲ ኢቢልድ ራሱ ስሪቱን ዝቅ ለማድረግ እሺ አይልም። የሚቀረው አማራጭ ስቴብል እስኪደርስበት መጠበቅ ወይም እንደ አዲስ መጫን ነው፤ ስለዚህ የሚያመነታ ሰው በስቴብል ቢጀምር ይመረጣል።

አዲስ የሆነው ሁሉ ይበልጥ አስተማማኝ ነው ማለትም አይደለም። በመጋቢት 2024 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ፋይል መጭመቂያ በሆነው ኤክስዜድ ዩቲልስ 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ሆን ተብሎ የተደበቀ ሰርጎ መግቢያ ሲገኝ፣ ስሪቶቹ በጄንቱ ቴስቲንግ ውስጥ ገብተው ስለነበር ተጠቃሚዎች ወደ ቀድሞው ስሪት እንዲመለሱ ተመክረዋል፤ ተንኮሉ ያነጣጠረው በሌሎቹ የሊኑክስ ዲስትሪቢዩሽኖች፣ በዴቢያንና በሬድ ሃት ዓይነት ፓኬጆች ላይ ስለነበር ግን ጄንቱን እንዳልነካው ታምኗል።

አንድ ፓኬጅ ብቻ ከቴስቲንግ ሲያስፈልግ፣ «ፓኬጅ ዶት አክሰፕት ኪወርድስ» በተባለው ፋይል ውስጥ ስሙን ብቻ መጻፍ ፓኬጁን ለዘለቄታው ቴስቲንግ ላይ ያስቀረዋል፤ በእኩል ምልክት ከነስሪት ቁጥሩ ከተጻፈ ግን ስቴብል ሲደርስበት በራሱ ወደ መደበኛው መስመር ይመለሳል። የጄንቱ ፓኬጅ ጫኝ የሆነው ፖርቴጅ ራሱ ልጻፍልህ ብሎ የሚያቀርባቸውን መስመሮችም ሳያነቡ አለመቀበል ነው፤ 9999 የሚል ስሪት ካለባቸው በቀጥታ ከገንቢዎቹ የዕለት ኮድ የሚወሰድ ፓኬጅ ነው። ጊዜ ያለፈባቸውን መስመሮች ኢአይኤክስ ከተባለው መሣሪያ ጋር የሚመጣው ትእዛዝ ለይቶ ያሳያል።