ነፍሰ ጡር ሆናችሁ ሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራችሁ

እርግዝናው ገፍቶ ጋደም ስትሉ ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ የሚልባችሁ እህቶች፣ ይህን ሞክሩት። ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አጥፋችሁ በራስጌ በኩል ከፍራሹ ሥር አስገቡ። ትራስ ብቻ መደራረብ አንገትን ያጎብጣል እንጂ ደረትን አያነሳም። ቀና ማለት ያለበት ከወገብ በላይ ያለው ሁሉ ነው። ከዚያ በግራ ጎናችሁ ተኙ፣ በጉልበታችሁ መሃል ትራስ አድርጉ።

ማህፀን ሲያድግ ከሳንባ ሥር ያለውን የመተንፈሻ ጡንቻ ወደ ላይ ይገፋዋል። ቀና ስትሉ ሆድ ወደ ታች ይወርዳል፣ ሳንባም ቦታ ያገኛል። የግራ ጎን ደግሞ ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቁን የደም ሥር ከጫና ያሳርፋል።

ቀን ላይ የደሴ ዳገት ሲፈትናችሁ ቁሙ። ክንዳችሁን አጥር ላይ አስደግፋችሁ ትንሽ ጎንበስ በሉ፣ ትከሻችሁን ልቀቁት። ከኮምቦልቻ የሀረጎን ዳገት ወጥታችሁ የምትመጡ ደግሞ ቀስ በሉ፤ ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፣ አየሯም ሳሳ ያለ ነው።

ድካምና መገርጣት ካለ ደም ማነስ ሊሆን ስለሚችል በክትትል ቀን ተናገሩ። የታዘዘላችሁን የአይረን ክኒን ከቡና ጋር አትውሰዱት፣ ቡናው አይረኑ በደንብ ወደ ደም እንዳይገባ ያደርገዋል።

ግን ትንፋሹ በድንገት ካጠረ፣ ቁጭ ብላችሁም ካልተሻላችሁ፣ ደረት ከወጋችሁ፣ ደም ካሳላችሁ፣ ከንፈር ከጠቆረ ወይም አንድ እግር ብቻ ካበጠ ትራስ አታስተካክሉ። ሌሊትም ቢሆን ወዲያው ሆስፒታል ሂዱ።