የጠፉ የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶችን ቦታ እንዴት ፈልጎ ማግኘት ይቻላል? ከሸኖ እስከ ሸዋ ሮቢት

በደሴ መንገድ የተመላለሰ ሰው ሁሉ የማይረሳው አንድ ምግብ ቤት አለው። አንዳንዶቹ በአንድ ስም «ቁጥር 1»፣ «ቁጥር 2» እየተባሉ በየከተማው ይከፈታሉ። ሲዘጉ ግን የት የት እንደነበሩ የሚናገር ይጠፋል። እኔ የምፈልጋቸው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ሹፌር ፈልጉ። ከሁሉም የሚበልጠው እርምጃ ይሄ ነው። ተሳፋሪ አንዴ በልቶ ያልፋል፤ ሹፌርና ረዳት ግን ለዓመታት እዚያው ቤት ይቆማሉ። መንገደኛ ስለሚያመጡ ብዙ ጊዜ ምሳቸው ከቤቱ ነው፤ ባለቤቷንም ጓዳውንም ያውቃሉ። መናኸሪያ አካባቢ ጡረታ የወጡትን አጠያይቁ። «ምግብ ቤቱ የት ነበር?» ብላችሁ አትጀምሩ። «ጋሼ፣ ኤንትሬ ሲነዱ ምሳ የት ይበሉ ነበር? ረቡዕና ዓርብስ?» በሏቸው (ኤንትሬ የድሮ ፊያት መኪና ነው)። የጾሙን ቤት ሲያስታውሱ የፍስኩም ይመጣል።

ቀጥሎ ቦታውን አጥብቡ። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደብረ ሲና 190 ገደማ፣ ሸዋ ሮቢት 225 ገደማ። ማለዳ 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ለተነሳ ደብረ ብርሃን የቁርስ ቦታ ነው። ከደሴ ለመጣ ግን ምሳም አልፎ ነው የሚደርሰው። ስለዚህ «ቁርስ የበላንበት» የሚል ሰው ከየት እንደተነሳ ይጠየቅ። የጣርማበርን ዋሻ ሳታልፉ ነው ወይስ ካለፋችሁ በኋላ? የደብረ ሲና ቆሎ ገዝታችሁ ነበር? ብርድ ነበር ወይስ ሙቀት? እኔ መጀመሪያ ላይ ይህን ባለመጠየቄ አንዱን ቤት ሁለት ጊዜ መዝግቤአለሁ።

ወረቀትም ይረዳል። የቆየ የንግድ ፈቃድ መዝገብ ለማየት ስትጠይቁ የድሮውን አውራጃ ስም ያዙ፦ ተጉለትና ቡልጋ፣ ይፋትና ጥሙጋ። በዛሬው ወረዳ ስም ብቻ የፈለገ ሰው የቆየውን መዝገብ ሊያጣው ይችላል። ጎግል ኧርዝ ላይ ደግሞ የቆዩ ምስሎችን እያፈራረቃችሁ እዩ። ጣሪያውን ሳይሆን ከፊቱ ያለውን ሰፊ ሜዳ ፈልጉ፤ አውቶቡስ የሚቆምበት ቤት ግቢው ጠባብ አይሆንም። መንገዱ የተቃናበት ቦታ ካለ የተተወውን አሮጌ አስፋልት ተከተሉ።

ከዚያ ሂዱ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን ቀድማችሁ ጠይቁ። ከቦታው ስትደርሱ መሬቱን እዩ፤ የተቀበረ ቆርኪ፣ የዘይት ጥቁረት፣ በአዲሱ ቀለም ስር የሚታይ የድሮ ጽሑፍ። አሁን የሚኖረውን ሰው ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ስም ብቻውን አያሳምናችሁ፤ ሁለት ባለቤቶች አንድ ስም ሊይዙ ይችላሉ። ቅርንጫፍ ለማለት ቢያንስ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ባለቤቱ አንድ እንደነበር ይንገሯችሁ።

በመጨረሻም ፎቶውን ይዛችሁ ወደ ሹፌሩ ተመለሱ። በሩ በየት በኩል እንደነበር፣ የእጅ መታጠቢያው የት እንደቆመ በጣታቸው ያሳዩዋችሁ። ቦታውን ካርታ ላይ ምልክት የምታደርጉት ያን ጊዜ ነው።