ሊኑክስ በኤክስተርናል ዲስክ፦ ስታክ ሲያደርግ መጀመሪያ ገመዱን እዩ

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ፣ እዚህ ደብረ ማርቆስ አሮጌ ላፕቶፕ ይዞ የሚመጣብኝ ሰው በዝቷል። ዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ አብዛኞቹን አይቀበላቸውም። የውስጡን ዲስክ ሳይነኩ ሊኑክስን (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም) ኤክስተርናል ዲስክ ላይ መጫን ጥሩ መላ ነው፣ እኔም ይህንኑ እመክራለሁ። ከተጫነ በኋላ የሚመጣው አቤቱታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ባዮስ መግባትና ፍላሽ ማዘጋጀት ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

በሥራ መሃል ስታክ ያደርጋል፣ ሲበራ ጥቁር ስክሪን ላይ «ኢኒትራምኤፍኤስ» ብሎ ይቆማል

ማውዙ ይንቀሳቀሳል፣ የምትጫኑት ነገር ግን አይከፈትም። ሴቭ ስታደርጉ «ሪድ ኦንሊ» ይላችኋል። አጥፍታችሁ ስታበሩት አይነሳም፤ «ኢኒትራምኤፍኤስ» (ሊኑክስ ዲስኩን ማግኘት ወይም መክፈት ሲያቅተው የሚቆምበት የትእዛዝ ስክሪን) ላይ ይቆማል። ሰው ሁሉ «ቫይረስ ነው» ወይም «ሊኑክስ አይረባም» ይላል። አይደለም! ዲስኩ ለአፍታ ተቋርጧል፤ ማንም ሳይነካው።

ምክንያቱ ኃይል ነው። ዩኤስቢ 2.0 ፖርት በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፒር ነው፣ 3.0 ደግሞ 900። የሚሽከረከር ባለ 2.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ሲነሳ 1 አምፒር አካባቢ ሊፈልግ ይችላል። በዚያ ላይ ረጅም ቀጭን ገመድና በአቧራ የላላ ፖርት ሲጨመርበት ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ ይልና ይጠፋል። ወዲያው ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ሲስተሙ ግን እንደ አዲስ ዲስክ ነው የሚያየው። የድሮው ጠፍቶበታል፣ ስለዚህ መጻፍ ያቆማል።

ከቢቸና የመጡ አንድ መምህር በዚሁ ምክንያት ደጋግመው ፎርማት አስደርገዋል፤ በየጊዜው ያዘጋጁት የፈተና ጥያቄ አብሮ እየጠፋ። ገመዱን ብቻ ቀየርኩላቸው። «በዚች ገመድ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የተንከራተትኩት?» አሉኝ። አንድ የሞጣ ልጅ ደግሞ ዲስኩን፣ ማውዙን፣ የማቀዝቀዣውን ፋንና ቻርጅ የሚደረግ ስልክ በአንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ (ሃብ) ሰክቶ የመመረቂያ ጽሑፉን ይጽፍ ነበር። ስልኩ በተሰካ ቁጥር ዲስኩ ይሞታል። እባካችሁ፣ ሲስተም የተጫነበት ዲስክ ማከፋፈያ ላይ አይሰካም።

ለማረጋገጥ ላፕቶፑን በላይቭ ፍላሽ (ሳይጫን ሊኑክስን በሚያስነሳ ፍላሽ) አስነሱና ከኤክስተርናሉ ላይ ጥቂት ጊጋ የሚሆን ፋይል ኮፒ አድርጉ። ኮፒው እየሄደ ገመዱን ቀስ አድርጋችሁ ነካ ነካ አድርጉት። እዚያም ከተቋረጠ የጫናችሁት ሊኑክስ ምንም አላደረገም ማለት ነው።

መፍትሄው አጭርና ወፈር ያለ ገመድ፣ ከላፕቶፑ ጋር በቀጥታ የተሰካ። ሃርድ ዲስክ ከሆነ ከሁለት ፖርት ኃይል የሚወስድ ባለ ሁለት ጫፍ ገመድ ይረዳል። አቅም ካላችሁ ኤስኤስዲ ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜ ኃይል አይሻማም፣ በጉዞም አይጎዳም። ሃርድ ዲስክ ቦርሳ ውስጥ ወርውሮ በዓባይ በረሃ ሲንገጫገጭ የመጣ ሰው ለምን ተበላሸ ብሎ ሲጠይቀኝ እናደዳለሁ። ኬዝ (የዲስኩን ማቀፊያ ሳጥን) ስትገዙም ሰማያዊ ፕላስቲኩን አትመኑ። ላዩ 3.0 ሆኖ ውስጡ 2.0 የሆነ ሞልቷል።

ገመዱ ደህና ሆኖ አሁንም ከተቋረጠ ችግሩ የኬዙ ቺፕ ከሊኑክስ «ዩኤኤስ» ድራይቨር (የዩኤስቢ ዲስክን በፍጥነት የሚያሠራ ፕሮግራም) ጋር አለመስማማቱ ሊሆን ይችላል። ለዚያ ኬዝ ዩኤኤስን መዝጋት ይቻላል። ፍጥነቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ይረጋል።

የቆመውን ስክሪን ለማስነሳት የተጎዳውን የዲስክ ክፋይ (ፓርቲሽን) ስም አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይጽፍላችኋል፤ «ኤፍኤስሲኬ» በሚለው ትእዛዝ ይጠገናል። ግን ገመዱን ሳትቀይሩ አትንኩት! በጥገናው መሃል እንደገና ከተቋረጠ ጉዳቱ ይብሳል። የሚያሳሳ ፋይል ካለ መጀመሪያ በላይቭ ፍላሽ ገብታችሁ አውጡት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋበትም እዚሁ ስክሪን ላይ ሊደርስ ይችላል። መብራት በየሰዓቱ በሚጠፋበት ክረምት ያለ ባትሪ መሥራት ፋይል ላይ መፍረድ ነው። ክዳኑን ዘግታችሁም አታስተኙት፤ ሲነቃ ዲስኩን የሚያጣ ብዙ ነው።

ኤክስተርናሉ ሲነቀል ዊንዶውስ አልነሳ አለ

ስትጭኑ የማስነሻው ፋይል የውስጡ ዲስክ ላይ ተጽፏል። የኡቡንቱ (አንዱ የሊኑክስ ዓይነት) የቀድሞ መጫኛ ኤክስተርናሉን ብትመርጡለትም ይህን ያደርግ ነበር። በዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ ዘዴ) ከሆነ ባዮስ ገብታችሁ «ዊንዶውስ ቡት ማናጀር»ን አንደኛ አድርጉት። በሌጋሲ (የድሮው ዘዴ) ከሆነ በዊንዶውስ ፍላሽ ገብታችሁ የማስነሻ ሴክተሩን መጠገን ነው። ለወደፊቱ ከመጫናችሁ በፊት የውስጡን ዲስክ ፈታችሁ አውጡት። ጥቂት ብሎን ነው።

ሌሎች

ቡት ሜኑ ላይ አይታይም፦ በሌጋሲ የተጫነ፣ ዩኢኤፍአይ ብቻ በተፈቀደበት ላፕቶፕ አይነሳም፤ ሴኪዩር ቡትንም (ያልተፈቀደ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን የባዮስ ቅንብር) እዩ።

ይንቀራፈፋል፦ 2.0 ፖርት በተግባር ከ30 እስከ 40 ሜጋ ባይት በሰከንድ ነው። ራሙ 2 ጊጋ ከሆነ ቀለል ያለ ዴስክቶፕ ጫኑ፣ ብሮውዘር ላይ ብዙ ታብ አትክፈቱ።

ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ፋይል እየተበላሸ ከሆነ መጠኑ የውሸት ሊሆን ይችላል። «ኤች2ቴስትደብልዩ» በሚባለው ፕሮግራም ሞልታችሁ ፈትኑት፤ ውሸት ከሆነ ለሻጩ መልሱ።

ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ድረ ገጽ አይከፈትም፣ የቡት ቅደም ተከተሉም ይጠፋል፦ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፤ ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 ነው። ፈታችሁ ቁጥሩን አይታችሁ ያንኑ ግዙ።