ዲቃላ ሲኖዶንቲስን መለየትና በቤት አኳሪየም ማቆየት

አምባዛን የሚያውቅ ሰው ሲኖዶንቲስ የተባለውን ዓሣ ሲያይ ዝምድናውን በጢሙና ቅርፊት በሌለው ቆዳው ይገምታል። ከመቶ በላይ የሚሆኑት የሲኖዶንቲስ ዝርያዎች የሚኖሩት በአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች ብቻ ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ የሆነው ሲኖዶንቲስ ሻል በአገራችን በባሮና በኦሞ ወንዞች እንዲሁም በጫሞ ሐይቅ ይገኛል። ለአኳሪየም (ለቤት የዓሣ ገንዳ) የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ከወንዝ የተያዘ ሳይሆን እርባታ ውስጥ የተፈለፈለ ነው። አብዛኞቹ ዝርያዎች በገንዳ ውስጥ በራሳቸው ፈቃድ ስለማይራቡ፣ በምሥራቅ አውሮፓና በደቡብ ምሥራቅ እስያ ያሉ አርቢዎች ሴቷን ሆርሞን ወግተው እንቁላሏን በእጅ ያወጡና ከወንዱ ዘር ጋር ያዋህዱታል። እንቁላሉ አንዴ ሳህን ላይ ከወጣ በኋላ የሌላ ዝርያ ወንድ መጠቀም የሚከለክል ነገር የለም፤ የሚወለደው ዲቃላም ከወላጆቹ ውድ በሆነው ስም ይሸጣል። ስለዚህ በመደብሩ ገንዳ ላይ የተለጠፈው ስም ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።

ምርመራው የሚጀምረው ዓሣው በእርግጥ ሲኖዶንቲስ መሆኑን በማረጋገጥ ነው። ሦስት ጥንድ ጢሞች አሉት፤ በላይኛው መንጋጋ ያለው ጥንድ ቀጥ ያለ ሲሆን፣ በታችኛው መንጋጋ ያሉት ሁለቱ ጥንዶች እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ ያወጣሉ። በጀርባውና በሁለቱ ጎኖቹ ክንፎች ፊት ጠንካራ እሾህ ይታያል። ይህ ከተረጋገጠ በኋላ ዓሣውን ተሸጠበት ከተባለው ዝርያ ጋር፣ አንዱን ምልክት ከአንዱ እያስተያዩ፣ ማመሳከር ያስፈልጋል። ለምሳሌ ከታንጋኒካ ሐይቅ የሚመጣው ሲኖዶንቲስ መልቲፑንክታተስ ዓይኑ ትልቅ ነው፤ ገላው በጥቁር ነጠብጣብ የተሞላ ቢሆንም ሆዱ ነጭና ነጠብጣብ የሌለበት ነው። የዚያው ሐይቅ ተወላጅ የሆነው ፔትሪኮላ ግን እስከ ሆዱ ድረስ ነጠብጣብ አለው፤ ክንፎቹም ሥራቸው ጥቁር፣ ጠርዛቸው ነጭ ነው። መልቲፑንክታተስ ተብሎ የተሸጠ ዓሣ ዓይኑ ትንሽ፣ ሆዱ ዝንጉርጉር፣ የክንፉ ነጭ ጠርዝም የደበዘዘ ከሆነ መጠርጠር ተገቢ ነው። አንጀሊከስ በተባለው ዝርያ ደግሞ ጥቁር ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ በሆነ ገላ ላይ ጥርት ያሉ ክብ ነጠብጣቦች ይጠበቃሉ፤ ነጠብጣቦቹ እየተያያዙ የትል መንገድ የሚመስል መስመር ከሠሩና መደቡ ወደ ቡናማ ካደላ፣ በእኔ ግምት የሌላ ዝርያ ደም አለበት።

ከአንዱ ዓሣ መልክ ይልቅ የአብሮ አደጎቹ መልክ የበለጠ ይናገራል። በአንድ ገንዳ ውስጥ ያሉ እኩያ ጫጩቶች ገሚሱ ባለ ትልቅ ነጠብጣብ፣ ገሚሱ ባለ መስመር ከሆኑ፣ ሻጩም ዓሦቹ ከየትኛው ወንዝ ወይም እርባታ እንደመጡ መናገር ካቃተው፣ ዲቃላ የመሆናቸው ዕድል ከፍተኛ ነው።

ይሁን እንጂ ከስሙ ጋር ያልተስማማ ሁሉ ዲቃላ አይደለም። ሉሲፒኒስ የተባለው ትንሽ ዝርያ የራሱን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በገበያ ላይ ፔትሪኮላ እየተባለ ይሸጥ ነበር፤ ስሙ የተሳሳተ፣ ዘሩ ግን ንጹሕ ነበር ማለት ነው። ዩፕተረስ የተባለው ዝርያም በጫጩትነቱ መረብ የሚመስል ቡናማ ዝንጉርጉርነት ኖሮት ሲያድግ ወደ ጥቃቅን ነጠብጣብ ስለሚለወጥ፣ የ4 ሴንቲ ሜትር ዓሣ አይቶ መፍረድ ያሳስታል። የሚሻለው በየወሩ ከጎኑ ፎቶግራፍ እያነሡ ለውጡን መከታተል ነው። ዓሣው ሲያድግ ከስንጥቡ መክደኛ ኋላ ወደ ጅራት የሚያመለክተው የአጥንት ሳንቃ ቅርጹ ይጎላል፤ ቅርጹ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ ከቀለም ይልቅ የሚታመን ምልክት ነው። የዘረመል ምርመራ እንኳ የሚቶኮንድሪያውን (ከእናት ብቻ የሚወረሰውን የዘረመል ክፍል) ብቻ ከተመለከተ የሚያሳየው የእናቲቱን ወገን ስለሆነ፣ ዲቃላውን ንጹሕ አስመስሎ ሊያሳልፈው ይችላል።

አያያዙን በተመለከተ መመሪያዬ አንድ ነው፦ ወላጅ ሊሆኑ ከሚችሉት ዝርያዎች በትልቁ ልክ መዘጋጀት። ዩፕተረስ 30 ሴንቲ ሜትር ሊደርስ ስለሚችል፣ ርዝመቱ 150፣ ወርዱና ከፍታው 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ 300 ሊትር ያህል የሚይዝ ገንዳ ያስፈልጋል። የውኃው ሙቀት ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ፣ ፒኤቹም (የአሲድነት መለኪያው) ከ7 እስከ 8 ቢሆን ለአብዛኞቹ ዲቃላዎች ይስማማል። ወለሉ ጢሙን የማይቧጭር ደቃቅ አሸዋ ይሁን። ዓሣው ቀን ቀን የሚደበቅበት ዋሻ ወይም ቱቦ ሰፋ ያለ መሆን አለበት፤ ጠባብ ከሆነ ሲደነግጥ እሾሁን ገትሮ እዚያው ይቀረቀራል። አዲስ ገንዳ ዓሣ ከመግባቱ በፊት የማጣሪያው ባክቴሪያ እንዲራባ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊሰጠው ይገባል፤ ከዓሣው ቆሻሻ የሚመነጩት መርዞች፣ አሞኒያና ናይትራይት፣ ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ ማስገባት መግደል ነው። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ሩቡን ያህል ውኃ፣ ክሎሪኑ በተወገደለት ውኃ መቀየር በቂ ነው።

አዲስ አበባ ለሚኖር ሰው ሁለት ተጨማሪ ነገሮች አሉ። ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ ማሞቂያ የግድ ነው፤ በከተማዋ ከፍታ የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ በመሆኑም ውኃው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፑን ሌሊት ማጥፋት አይገባም። ኤሌክትሪክ በሚቋረጥበት ጊዜ በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ማዘጋጀት፣ ምግብም መስጠት ማቆም ይጠቅማል።

በአዘቦቱ ምግቡ የሚሰጠው ማታ የገንዳው መብራት ከጠፋ በኋላ ነው። የሚሰምጥ የዓሣ መኖ፣ ሽሪምፕና የምድር ትል ይወዳል፤ አፉ የሚችለውን ትንሽ ዓሣም ሌሊት ስለሚውጥ እንደ ኒዮን ቴትራ ያለ ትንሽ ዓሣ ከእርሱ ጋር ማኖር አይመከርም። ዓሣውን ለማዛወር መረብ መጠቀም ስሕተት ነው፤ እሾሁ ይጠላለፍና መረቡን መቅደድ ግድ ይላል፣ ስለዚህ በፕላስቲክ ዕቃ መቅዳት ይሻላል። በዚያን ጊዜ የሚሰማው ጭርጭርታ ዓሣው የጎን እሾሁን ከመጋጠሚያው ጋር እያሸ የሚያወጣው ድምፅ ስለሆነ ሊያስደነግጥ አይገባም። ቆዳው ቅርፊት ስለሌለው መዳብ ወይም ማላካይት ግሪን ያለበት መድኃኒት ይጎዳዋል፤ መስጠት ግድ ከሆነ በግማሽ መጠን መጀመር ያስፈልጋል።

ሲኖዶንቲስ ያልሆነውን፣ ቀይ ጅራትና አካፋ አፍንጫ (ፕሴዶፕላቲስቶማ) ከተባሉት የደቡብ አሜሪካ አምባዛዎች የተገኘውን ዲቃላ ግን፣ በጫጩትነቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ መኖሪያ ቤት ውስጥ ለማሳደግ መግዛት አይገባም፤ ቀይ ጅራቱ ብቻውን ከአንድ ሜትር ያልፋል።

ዲቃላን ለሌላ ሰው ሲያስተላልፉ በገበያ ስሙ ሳይሆን «ሲኖዶንቲስ፣ ዲቃላ፣ ወላጆቹ ያልታወቁ» ብሎ ጽፎ፣ የተነሡትን ፎቶግራፎች አያይዞ መስጠት ያስፈልጋል። ተቀባይ ከጠፋም ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ አይፈቀድም፤ በተለይ እንደ ጫሞ የራሱ ሲኖዶንቲስ ያለው ውኃ ውስጥ የገባ እንግዳ ዓሣ በሽታ ሊያመጣ፣ ከነባሩም ጋር ሊዳቀል ይችላል።