ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ክሊራንስ ጠይቁ

ጎንደር ውስጥ ቤት ለመግዛት ላሰባችሁ። ማራኪም ሆነ አዘዞ፣ ደላላው ካርታውን ሲያሳያችሁ "ግብሩስ?" በሉ። ብዙ ሰው የሚያጣራው የባንክ ዕዳና እገዳን ብቻ ነው። ውዝፍ የቤት ግብርና የቦታ ኪራይ ግን ቅጣቱን እየጨመረ ፋይሉ ላይ ይቆያል። ስም ለማዛወር ስትሄዱ "መጀመሪያ ይህን ክፈሉ" ትባላላችሁ። ሻጩ ያኔ ስልክ ላያነሳ ይችላል።

ስለዚህ ሻጩ ራሱ ገቢዎች ሄዶ ከዕዳ ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ክሊራንስ ያምጣ። የአምናው ደረሰኝ ብቻውን አይበቃም፤ ከዚያ በፊት የተዘለለ ዓመት ሊኖር ይችላል። ቦታው የሊዝ ከሆነ ደግሞ ቀሪውን ክፍያ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ። እኔ ብሆን ከዋጋው የተወሰነውን ስም እስኪዞር አልለቅም። ደላላው ፊቱን ቢያጠቁር ያጥቁር። የውሃና የመብራት ውዝፍም እንዳይረሳ።